የኩባው ሳጥን፦ የሀዋሳ የጉዞ ማስታወሻ

አርብ

ሀዋሳ የምሄደው ለሐይቁ አይደለም። አንድ ሳጥን መጽሐፍ ለማየት ነው።

የሳጥኑ ባለቤት ኩባ ያደጉ ሰው ናቸው። ቤት ሊቀይሩ ስለሆነ የስፓንኛ መጽሐፎቻቸውን «የሚያነብ ካለ ይውሰዳቸው» ብለዋል አሉ። የጋራ ወዳጃችን ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ኩባ ደራሲዎች ሳነብ ነበር የከረምኩት። በተለይ ስለ አንድ ወገን። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆናቸው የፊደል ካስትሮ አብዮት ያሳደዳቸው፣ ያሰራቸው፣ እንዳይታተሙ ያደረጋቸው። ይህን በስልክ አላነሳሁም። «የኩባ ሥነ ጽሑፍ ነው የማነበው» አልኩ፤ እሳቸውም «ና፣ አልጋ አለን» አሉ። አለቀ።

መንገዱ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ከቃሊቲ መናኸሪያ በጠዋት ወጣን። የሞጆው የፍጥነት መንገድ ጊዜ ይቆጥባል፤ የመቂን ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኮት መከራከር ግን ቀረ። ሻሸመኔ ላይ እንደወትሮው ባጃጅ መሐል ተጣብቀን ቆምን። ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ ገባሁ።

ለወጣት አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ኦጋዴን ሲገባ፣ በ1970 ዓ.ም. ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጥተው ከእኛ ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ላይ የወደቁት ኩባውያን ፊት ተቀርጿል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ደርግ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ወደ ኩባ ላከ። ብዙዎቹ አባታቸው ጦር ሜዳ የቀረባቸው ነበሩ። የሰፈሩት ከሀቫና በስተደቡብ ባለች ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በምትባል ደሴት፣ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ። የአፍሪካ፣ የእስያ፣ የላቲን አሜሪካ ልጆች እዚያች ደሴት ላይ አብረው ግሬፕፍሩት ለቅመዋል።

ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ተስማምተናል) ሲሄዱ የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ። የተመለሱት የእርሻ ባለሙያ ሆነው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ። በር ላይ ቆመው በስፓንኛ ተቀበሉኝ። እንደማልችል ሲያውቁ ትንሽ ከፋቸው።

እራት ላይ ባለቤታቸው ቡርሳሜ ሠርተው ነበር። ከሐይቁ የመጣ ጥብስ አሳም አለ፣ ዳጣውም ሳይረሳ። ወሬው ስለ መፈክር ሆነ።

«እዚህ ቀበሌ "አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት" እያልን ነው ያደግነው» አሉ። «ሀቫና ስንወርድ "ፓትሪያ ኦ ሙዌርቴ" አሉን። ቤታችን የተመለስን ነው የመሰለን።»

ልጃቸው ሳቀች። ልብስ ትቀርፃለች፣ ትሰፋለች፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋ ተቀምጧል። አባቷ ስለ ኩባ ሲያወሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታ የጠገበች መሆኗ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ቅዳሜ

ሳጥኑ የብረት ነው። ወታደራዊ አረንጓዴ፤ ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተላልጧል። ቡና ተፈልቶ ጓሮ ቁጭ ብለን ከፈትነው።

ከላይ የአፈር ሳይንስ መማሪያ። ከስር ሌኒን፣ ከሌኒን ስር የኩባው ገጣሚና ታጋይ ሆሴ ማርቲ፣ ከማርቲ ስር ቦሄሚያ የሚባለው መጽሔት በብዛት። የደሴቷ ፎቶዎችም አሉ። አንዱ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ክብ ክብ ግዙፍ ሕንፃ ፊት ቆመዋል። ፕሬሲዲዮ ሞዴሎ ይባላል። ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1955 የታሰረበት ወህኒ ነው። ሙዚየም ሆኖ ልጆቹን እየወሰዱ ያስጎበኟቸው ነበር። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው የውጭ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑ ታች ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወጣች። ሀቫና፣ 1987። ደራሲው ቪርጂሊዮ ፒኜራ። አጫጭር ልብ ወለዶች።

«ይህን የት አገኙት?»

«ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ርካሽ ነበር። ሁለት ታሪክ አንብቤ ተውኩት፤ እብድ ነው ሰውየው።»

ያቺን መጽሐፍ ይዤ ነው ሙሉ ጠዋት የለፈለፍኩት።

ፒኜራ የተወለደው 1912 ነው። ቀጭን፣ ድሃ፣ ምላሱ የማይቻል። ከአብዮቱ በፊት ቦነስ አይረስ ዓመታት ኖሯል። ተውኔቶቹ የኩባን ዘመናዊ ቴአትር ከጀመሩት መሐል ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ደግፎ፣ ጋዜጣ ላይ እየጻፈ ነው የተቀበለው። ሰኔ 1961 ካስትሮ ደራሲዎችንና ሠዓሊዎችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰብስቦ አነጋገረ። «በአብዮቱ ውስጥ ሁሉም ነገር ይቻላል፣ አብዮቱን የሚቃረን ምንም ነገር አይቻልም» የሚለው ዝነኛ ንግግሩ እዚያ ነው የተደረገው። በዚያ ስብሰባ ላይ ፒኜራ ተነስቶ ፍርሃት እንዳለ ተናገረ። ሌላው ስለ መርህ ሲከራከር እሱ ስለ ፍርሃት አወራ። ወራት ሳይቆይ፣ ጥቅምት ላይ፣ ፖሊስ ሴተኛ አዳሪዎችን፣ ደላሎቻቸውንና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን በአንድ ዘመቻ ሲያፍስ እሱም ተያዘ። ቶሎ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ግን የቀደመው ሰው አልሆነም ይላሉ ጓደኞቹ።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ይህን ማንም አልነገረንም።»

ማን ይነግራቸዋል? ከ1965 መጨረሻ እስከ 1968 ካማጉዌይ ክፍለ ሀገር ውስጥ የጉልበት ሥራ ካምፖች ነበሩ። ኡማፕ በሚል አሕጽሮት ነው የሚጠሩት፣ «ምርትን የሚረዱ ወታደራዊ ክፍሎች» እንደማለት። ለውትድርና የማይታመን የተባለ ወጣት ሁሉ እዚያ ይላካል። የይሖዋ ምስክሮች፣ አድቬንቲስቶች፣ ካቶሊክ ሴሚናሪስቶች፣ ፀጉሩን ያሳደገ፣ ወንድ የሚወድ። በኋላ የሀቫና ካርዲናል የሆኑት ኻይሜ ኦርቴጋ እዚያ ነበሩ። ዘፋኙ ፓብሎ ሚላኔስም ነበር። ይህን ስም ስጠራ ጋሼ ቀና አሉ። ካሴቱ አላቸው።

«ፓብሎ? የኛ ፓብሎ?»

«አዎ።»

«ከአብዮቱ ጋር አልነበረም እንዴ?»

ነበር እንጂ። ከካምፕ ወጥቶም ለአብዮቱ ዘፍኗል። ይሄ ነው ነገሩን ለመተረክ አስቸጋሪ የሚያደርገው። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጠላት አልነበሩም። አብዮቱን የወደዱ፣ አብዮቱ ግን ያልወደዳቸው ናቸው።

ወደ ሌሳማ ሊማ አለፍን። ሆሴ ሌሳማ ሊማ ወፍራም፣ አስም ያለበት፣ ከሀቫና እምብዛም ያልወጣ ገጣሚ ነው። ትሮካዴሮ ጎዳና ላይ ያለው ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1966 «ፓራዲሶ» የተባለ ረጅም ልብ ወለድ አወጣ። ስምንተኛው ምዕራፍ ስለ ወንዶች ፍቅር በድፍረት ስለሚያወራ ጉድ ተባለ። ስለ መጽሐፉ የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ ከባድ ነው፤ ሦስት ገጽ አንብቤ አንድ ቀን የማርፍበት ዓይነት።

ዋናው ዱላ የመጣው 1971 ነው። ሚያዝያ ላይ የትምህርትና የባህል ጉባኤ ተደረገ። ውሳኔው ጥበባዊ ብቃት ሰበብ ሆኖ የታወቁ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በወጣቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳይኖራቸው ይላል። በግልጽ፣ በጽሑፍ። የቴአትር ቤት ሰዎች ከሥራ ተባረሩ። ሌሳማና ፒኜራ ሀገራቸው ውስጥ መታተም አቆሙ። ሌሳማ በ1976 ሞተ፤ ፒኜራ በ1979። ጋሼ እጅ ያለችው መጽሐፍ የታተመችው ከሞቱ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። አንድ የእርሻ ተማሪ በርካሽ የገዛት መጽሐፍ ለመታተም የደራሲዋን ሞት ጠብቃለች።

እኛም ቤት ያለ ነገር ነው። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱ ራሱ በ1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ነው ወሬው ወደ እሳቸው የተጠጋው። በዓሉን ያውቁታል። ካድሬን ያውቃሉ። የቀበሌ ኪነት ቡድን ለማን እንደሚዘፍን ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ጎረበጣቸው፤ ምሳ ከተበላ በኋላ አወጡት።

«ስማ። ትጽፋለህ አይደል?»

«አዎ።»

«ጻፍ። ግን ያንን ነገር ዝለለው። ሰዎቹ የታሰሩት በፖለቲካ ነው። ለምን ስማቸውን ታጎድፋለህ? ሙት ወቃሽ አትሁን።»

በቅንነት ነው ያሉት። ደራሲዎቹን ሊከላከሉላቸው ፈልገው ነው። እኔ ይህን ሐሳብ ከእሳቸው ብቻ አልሰማሁም፤ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ይለዋል። «ትልቅ ደራሲ ነው፣ ያንኛው የግል ጉዳዩ ነው።» ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። የግል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ጉባኤ አይወያይበትም ነበር። የመንግሥት ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ራሳቸው ናቸው። እኛ አሁን «በፖለቲካ ነው» ብለን ያንን መስመር ብንሰርዝ፣ የሳንሱሩን ሥራ በነፃ እየሠራንለት ነው።

እንዲህ ተስተካክሎ አይደለም እንግዲህ የተናገርኩት። «ጋሼ፣ እንደሱ አይሆንም» ነው ያልኩት። ዝም አሉ። ልጃቸው ከስፌት መኪናው ቀና ብላ አየችንና መልሳ አቀረቀረች።

ማታ ላይ፣ ሁሉም ሲተኛ፣ በረንዳ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«በ1980 እኛ ደሴቱ ላይ ነበርን። ሰዉ በመርከብ ወደ አሜሪካ የሄደ ጊዜ።»

የማሪየል ወደብ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት 1980 ወደ 125 ሺህ ኩባውያን በጀልባ ወጡ። መንግሥት የሚሄዱትን «ዝቃጭ» አላቸው። ሰልፍ ይወጣል፣ የሚሄደው ሰው ቤት ይከበባል፣ እንቁላል ይወረወራል። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ያስመዘገበ ሰው የመውጫ ፈቃድ ያገኝ ነበር፤ መንግሥት ሊያራግፋቸው ይፈልግ ነበርና።

«መምህሮቻችን መፈክር አስተማሩን» አሉ ጋሼ። «"ኬ ሴ ባያን!" ይሂዱ! ማለት ነው። ደስ ይል ነበር፤ ዜማ አለው። እያጨበጨብን ቀኑን ሙሉ። ማን ይሂድ እንደምንል አናውቅም። ልጅ ነን። የጠላት ወሬ ነው የመሰለን።»

«ያኔ ከሄዱት አንዱን ይዤልዎት መጥቻለሁ» አልኳቸው።

አመጣሁላቸው። የኩባዊው ደራሲ የሬይናልዶ አሬናስ የሕይወት ታሪክ፣ በስፓንኛ፤ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝ። እኔ የማነበው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ስለሆነ ይህኛው ለእሳቸው ይሁን ብዬ ነው። ተቀበሉ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልካቸው ብርሃን ሽፋኑን አይተው ብብታቸው ስር አደረጉት።

እሁድ

ጋሼና ባለቤታቸው ገብርኤል ሄዱ። ልጅቷና እኔ ወደ ሐይቁ ወጣን። አሞራ ገደል እንደወትሮው ነው፤ አሳ አጥማጁ ይጮሃል፣ አባ ኮዳዎቹ ቆመው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ፣ ጦጣ የአንዱን እንግዳ ዳቦ ነጥቆ ዛፍ ላይ ወጣ። እዚያ ሾርባ ጠጥተን በእግር ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄድን።

ስልኳን አውጥታ ምስሎች አሳየችኝ። ለሥራዋ የምትሰበስባቸው ናቸው። አንዲት ገርጣ ያለች ሴት በነጭ ዳንቴል ተሸፍና። ጥቁር የለበሱ መነኮሳት። ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጡ ሮማኖች፣ ጭማቂያቸው እንደ ደም እየፈሰሰ።

«ከየት እንደሆነ አላውቅም። ፒንተረስት ላይ ነው ያገኘሁት። ቀለሙን እዪልኝ እላለሁ ለጓደኞቼ።»

እኔ አውቀዋለሁ። የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሰርጌይ ፓራጃኖቭ ነው።

ከዚያ በኋላ ቡናችን ሁለቴ ታዘዘ። ፓራጃኖቭ በ1924 ትብሊሲ ውስጥ ከአርመን ቤተሰብ ተወለደ። የአርመን ስም ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያው ዓመት ነው አርባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው አዲስ አበባ ላይ የናስ ባንድ የሆኑት፤ አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን መዝሙር ያቀናበሩት ናቸው። ፓራጃኖቭ ደግሞ ሞስኮ ሲኒማ ተምሮ ዩክሬን ኪየቭ ሠራ። በ1965 ያወጣው ፊልም በዓለም አሳወቀው። ልጅቷ ምስሎቹን ያገኘችው ከ1969ኙ «የሮማን ቀለም» ነው፤ ሳያት ኖቫ ስለተባለ የአርመን ገጣሚ። ታሪክ እየነገረ አይሄድም። ምስል ያስቀምጣል፣ ሌላ ምስል ያስቀምጣል። ሳንሱሮቹ አልገባቸውም፤ ያልገባቸውን ደግሞ አይወዱም። ርዕሱን አስቀየሩት፣ ፊልሙንም ቆራረጡት።

የተያዘው ታኅሣሥ 1973 ኪየቭ ላይ ነው። የሶቪየት ሕግ ታሪክ ራሱ አስገራሚ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የወጣው የ1922 የወንጀል ሕግ የወንዶችን ግንኙነት ወንጀል አላደረገም። በ1934 ስታሊን መለሰው፤ እስከ አምስት ዓመት እስራት። ሩሲያ ውስጥ የተሻረው 1993 ነው። ፓራጃኖቭ ትዳርም ልጅም ነበረው፤ ወንዶችንም ይወድ እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። ዝምተኛ ሰው አልነበረም። በባለሥልጣናት ይቀልዳል፣ የታሰሩ የዩክሬን ምሁራንን ወግኖ ይፈርማል። መንግሥት ቂም ነበረው፤ ሕጉ ደግሞ እጅ ላይ ነበር። አምስት ዓመት ፈረዱበት።

«እና ሲኒማውስ?»

ካምፕ ውስጥ ካሜራ የለም። ወረቀት፣ የደረቀ አበባ፣ የጆንያ ክር፣ የተጣለ ሽቦ አለ። ከእነዚህ እየለጠፈ ኮላዥ ሠራ። የወተት ጠርሙስ ክዳን ያኔ ስስ ብረት ነው፤ በጥፍሩ እየጫነ የሰው ፊት ቀረፀበት፣ እንደ ድሮ ሳንቲም። ከክዳኖቹ አንዱ ከዓመታት በኋላ የፊልም ዳይሬክተሩ ፌሊኒ እጅ ገብቶ ጣሊያን ውስጥ በብር ተቀርፆ የፊልም ሽልማት ሆኗል። ይህን ስነግራት ልጅቷ ስኒዋን አስቀምጣ የራሷን ጥፍር አየች።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ሉዊ አራጎን ኮሚኒስት ነበር፤ ብሬዥኔቭን በአካል አግኝቶ ለመነለት። ፓራጃኖቭ በ1977 መጨረሻ፣ ጊዜው ሳይሞላ ተፈታ። ፊልም ግን አልሰጡትም። ከሮማኑ ፊልም በኋላ ቀጣዩ የወጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1990 ሞተ፤ በዓመቱ ዬሬቫን ላይ ሙዚየም ተከፈተለት። የእስር ቤቱ ሥራዎች እዚያ ናቸው።

«ሁሉም ኮሚኒስት ሀገር እንደዚህ ነበር?»

አልነበረም። ይህንንም መናገር አለብን። ቼኮዝሎቫኪያና ሀንጋሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ምሥራቅ ጀርመን በ1968 ወንጀልነቱን አነሱ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ስቱዲዮ ወንድ ስለሚወድ ወጣት መምህር ፊልም ሠርቶ በርሊን ያስመረቀው ኅዳር 9 ቀን 1989 ማታ ነው። ግንቡ የፈረሰበት ማታ! ተመልካቹ ከሲኒማ ሲወጣ ሌላ ሀገር ጠበቀው። ፖላንድ ደግሞ ሕጉ ከ1932 ጀምሮ አልነበራትም፤ ሆኖም ከ1985 እስከ 1987 ፖሊስ «ሂያሲንት» በሚል ስም ሰዎችን እየያዘ ፋይል ከፍቷል። ሕግ ባይኖርም ፋይል አይጠፋም።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። «እኛ ሀገርስ? በደርግ ጊዜ እንዲህ የነበረ አርቲስት የለም?»

ስም አልጠራሁላትም። በሕይወቱ ያልተናገረን፣ መዝገብ የማያነሳውን ሰው «እሱ እኮ እንዲህ ነበር» ማለት ሐሜት ነው። አሬናስ ራሱ ጻፈው። ፓራጃኖቭን መንግሥት ከሰሰው። ስለ እነሱ የምናወራው ስላለ ነው። እኛ ሀገር ደግሞ ነገሩ ዛሬም ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ታሪኩን በስሙ ይንገረን ብሎ የሚጠይቅ ካለ ዋጋውን ለሌላ ሰው እያስከፈለ ነው።

«አንተ ስትጽፈውስ አትፈራም?»

«አስተያየት መስጫው ላይ ይሰድቡኛል።»

«እሱማ አይቀርም» አለችና ሳቀች። «አባቴ ግን ሌሊቱን አልተኛም። እያነበበ ነበር።»

ከሰዓት ቤት ስንመለስ ጋሼ ስለ መጽሐፉ ትንፍሽ አላሉም። ሳጥኑን አብረን ደረደርን። የአፈር ሳይንሱን ለቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው፣ ሌኒንን ለማንም። ማርቲን አልሰጥም አሉ። ፒኜራን እኔ ወሰድኩ።

ሰኞ

በጠዋት መናኸሪያ ያደረሱኝ ጋሼ ናቸው። ባጃጁ ውስጥ ስለ በቆሎ ዋጋ አወሩ። እኔም ስለ በቆሎ ዋጋ አወራሁ።

ቡልቡላን እንዳለፍን ቴሌግራሜ ጮኸ። የጋሼ የድምፅ መልእክት ነው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

የመጀመሪያው፦ «ይሄ ሰውዬ ያጋንናል። እንደዚህ ዓይነት ብዙ ፍቅር በአንድ ሰው ዕድሜ አይሆንም።»

ልክ ናቸው፤ አሬናስ ያጋንናል። ከድሃ ገበሬ ቤት በ1943 ተወልዶ፣ ሀቫና ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ በ1967 የታተመለት ሰው ነው። የቀረውን በድብቅ ወደ ውጭ ላከ። አንድ ልብ ወለዱን ሦስት ጊዜ ጽፎታል። የመጀመሪያው ጓደኛ እጅ ጠፋ፤ ሁለተኛውን ከጣሪያ ስር ደብቆት ፖሊስ ወሰደው፤ ሦስተኛው ተሻግሮ በ1982 ስፔን ታተመ። በ1973 በሞራል ክስ ነው የተያዘው፤ የደህንነት ሰዎች የመረመሩት ግን ውጭ ስለወጡት ጽሑፎቹ እንደነበር ጽፏል። ኤል ሞሮ ምሽግ ውስጥ እስረኞች ለሚስቶቻቸውና ለፍቅረኞቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ እየጻፈላቸው ኖረ። በዚህ መሐል ያጋነነው ነገር ቢኖር እኔ በበኩሌ እምርለታለሁ።

ሁለተኛው መልእክት ረጅም ነው። በ1970 ሀገሪቱ አሥር ሚሊዮን ቶን ስኳር እናመርታለን ብላ ደራሲውንም ተማሪውንም አገዳ ቆረጣ ስትልክ አሬናስም ሄዷል። ዕቅዱ 8.5 ሚሊዮን ላይ ቀረ። ጋሼ እዚያ ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል። «አገዳው ላይ የጻፈው እውነት ነው» ይላሉ። «ቅጠሉ ምላጭ ነው። እኔም ቆርጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ሸሚዝህ ራሱ ይቆማል፣ በላብና በስኳር። ይህን ያልቆረጠ ሰው አይጽፈውም።»

ሦስተኛው ጥያቄ ነው። አሬናስ ከፖሊስ አምልጦ ሳምንታት የተደበቀው ሀቫና ዳር ባለው ሌኒን ፓርክ ነው። ጓደኞቹ ምግብ ያመጡለት ነበር። የሕይወት ታሪኩን መጻፍ የጀመረው እዚያ ነው፤ መብራት ስላልነበረው ሳይመሽ መጻፍ ነበረበት፤ የመጽሐፉም ርዕስ፣ «ሳይመሽ»፣ ከዚያ መጣ። ጋሼ ፓርኩን ያውቁታል። ከደሴቷ ለእረፍት ሲወጡ ይወስዷቸው ነበር።

«የቱ ጋ ነው የተደበቀው? ከሐይቁ በየት በኩል? ባቡር አለ እኮ እዚያ፣ ለልጆች የሚሆን። በባቡሩ ዞረናል።»

መለስኩላቸው። በማሪየል ጊዜ ደራሲ መሆኑ እንዳይታወቅ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ «አሪናስ» ብሎ እንደወጣም ጨመርኩ። ግንቦት 1980። በ1990 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤድስ ይዞት፣ ማስታወሻው ሳይታተም ሞተ። በ2010 ደግሞ ካስትሮ ራሱ ለሜክሲኮ ጋዜጣ ለዚያ ሁሉ ስደት ተጠያቂ ካለ እኔ ነኝ ብሏል። በ2022 ኩባ ውስጥ የቤተሰብ ሕግ በሕዝበ ውሳኔ ሲያልፍ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕጋዊ ሆነ። ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ሰጪ ደግፎታል።

ሞጆ ላይ መልስ መጣ። በጽሑፍ ነው፣ አጭር።

«ግንቦት 1980 ነው ያልከው? እኛ "ይሂዱ" ስንል የነበረው በግንቦት ነው።»

ከስሩ ደግሞ፦ «ጻፈው። ሁሉንም። የኔን ስም ግን አታስገባ።»